የዴቪድና የአለን ወዳጅነት፤ «ኪድናፕድ» የተባለው የልጆች ታሪክና የአፒን ግድያ

ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የልጆች መጽሐፍ ይዞ ቢታይ «ሥራ ፈትተሃልን» የሚለው አይታጣም። እኛም ይህን ርእስ በመረጥን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ፈገግታቸውን አልሸሸጉንም። ይሁን እንጂ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 ያሳተመው «ኪድናፕድ»፣ ትርጓሜውም «ታፍኖ የተወሰደ» ማለት ነው፣ ለልጆች ይጻፍ እንጂ የቆመው በእውነተኛ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡም አንድ ሰው ተሰቅሎ የሞተበት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የሚያወሳው ያልተጠበቀ ወዳጅነት በዚያ ዘመን ሊሆን ይችል ነበርን? ደራሲውስ ከመዝገቡ ምን ወስዶ ምን ተወ? የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመርመር ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቅነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ለቋንቋ መለማመጃ ባጠረና በቀለለ እንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ቅጂ ነው። በዚያ ቅጂ መርከቡ አለ፤ ጐራዴው አለ፤ ሽሽቱም አለ። የተሰቀለው ሰው ግን የለም። ሙሉውን መጽሐፍ ያገኘነው ወደ ኮሌጅ ከገባን በኋላ ስለ ሆነ፣ ስናነበው አንድ የምናውቀው ቤት ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ክፍል እንዳገኘ ሰው ሆንን።

የታሪኩ አካሄድ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዴቪድ ባልፎር ገና ሀያ ዓመት ያልሞላው የስኮትላንድ ቈላ ልጅ ነው። አባቱ በሞተ ጊዜ አንድ ደብዳቤ ይዞ በኤዲንብራ አጠገብ ወደሚኖረው አጎቱ ወደ ኤቤኒዘር ይሄዳል። አጎቱ ንፉግና ክፉ ሰው ነው። ርስቱ በውነት የዴቪድ መሆኑን ስለሚያውቅ ልጁን በጨለማ ወዳልተፈጸመ የግንብ ደረጃ ልኮ ሊገድለው ይሞክራል። ይህ ባይሳካለት ሆሲሰን ከሚባል የመርከብ አዛዥ ጋር ተዋውሎ፣ በአሜሪካ በካሮላይና እርሻዎች እንዲሸጥ ያሳፍነዋል። መርከቡ በጉም ውስጥ ሲጓዝ አንዲት ጀልባ ገጭቶ ይሰብራል፤ ከጀልባይቱ የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም በወገቡ ወርቅ የታጠቀ፣ የፈረንሳይ ልብስ የለበሰ፣ ቁመቱ አጭር ኩራቱ ግን ረጅም የሆነው አለን ብሬክ ስቱዋርት ነው። መርከበኞቹ ወርቁን ሊቀሙት መማከራቸውን ዴቪድ ሰምቶ ለእንግዳው ይነግረዋል። ሁለቱም በመርከቡ ላይ ባለችው ክፍል መሽገው ከዐሥራ አምስት ሰዎች ጋር ይዋጋሉ፤ ድልም ያደርጋሉ። ከድሉ በኋላ አለን ከኮቱ ላይ አንዲት የብር ቍልፍ ቈርጦ ለዴቪድ ይሰጠዋል። ወዳጅነታቸው የሚጀመረው ከዚህ ነው።

«ታፍኖ መሸጥ» የሚለው ነገር የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እንጨምር። ፒተር ዊልያምሰን የሚባል ልጅ በ1743 በአበርዲን ወደብ ታፍኖ ወደ ፊላደልፊያ ከተወሰደ በኋላ በ16 ፓውንድ ተሸጦ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ተመልሶ ታሪኩን አሳተመ፤ የአበርዲንን ሹማምንት ከስሶም 100 ፓውንድ ካሳ አስፈረደ። እንዲህ ያሉት ልጆች ለተወሰኑ ዓመታት የሚያገለግሉ ነበሩ እንጂ፣ በዚያው ምድር እንደ ነበሩት የአፍሪካ ባሮች ባርነታቸው ለዕድሜ ልክና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አልነበረም። ይህን ልዩነት መጽሐፉ አያነሣውም፤ እኛ ግን ሳናነሣው ማለፍ አልፈቀድንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዴቪድና አለን ወዳጅ መሆናቸው የሚያስገርመው ለምንድር ነው? ይህን ለመረዳት የ1745ን ዐመፅ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የተባረረው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ወራሽ ልዑል ቻርልስ በነሐሴ 19 ቀን በግሌንፊናን ሰንደቅ ዓላማውን ተከለ። ከደጋው ጎሣዎች ብዙዎቹ ተከትለውት በፕሬስተንፓንስ የንጉሥ ጆርጅን ጦር አሸንፈው እስከ ደርቢ ድረስ በእንግሊዝ ምድር ገሠገሡ። በሚያዝያ 16 ቀን 1746 ግን በኩሎደን ሜዳ ፈጽመው ተሸነፉ። ደጋና ቈላ ስንልም ያገራችንን አየር ማሰብ አይገባም፤ የስኮትላንድ ቈላም ቢሆን ብርድ ነው። ልዩነቱ በቋንቋ፣ በልብስና በአስተዳደር ነው። ደገኛው ጌሊክ ይናገራል፤ የጎሣው አለቃ ዳኛውም የጦር መሪውም ነው። ቈለኛው የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነውን ቋንቋ ይናገራል፤ ነጋዴና ገበሬ ነው፤ ደገኛውንም እንደ ከብት ዘራፊ ያየዋል።

ከኩሎደን በኋላ የወጡት ሕጎች ደገኛውን መሣሪያ እንዳይዝ፣ የአባቱንም ልብስ እንዳይለብስ ከለከሉ፤ የባላባቶቹንም የዳኝነት ሥልጣን ሻሩ። ያመፁት መሳፍንት ርስታቸው ተወርሶ በመንግሥት ሹም እጅ ገባ። የአፒን ስቱዋርቶችን ጦር በኩሎደን የመራው የአርድሺል ባላባት ቻርልስ ስቱዋርት ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ በርስቱም ላይ ኮሊን ካምቤል የሚባል የግሌኑር ባለርስት ተሾመ። ካምቤሎችና ስቱዋርቶች ደግሞ የቆየ ቂም ነበራቸው። ስለዚህ በመጽሐፉ ዴቪድ ለንጉሥ ጆርጅ ታማኝ የሆነ፣ በሕግ የሚያምን የቈላ ልጅ፤ አለን ደግሞ ከንጉሡ ጦር የከዳ፣ የፈረንሳይን ደመወዝ የሚበላ፣ በራሱ ላይ ሞት የተፈረደበት ደገኛ ነው። አለን ወደ አገሩ በየዓመቱ ተደብቆ የሚመጣውም የአፒን ድኾች ለመንግሥት አንድ ግብር ከከፈሉ በኋላ ለተሰደደው ባላባታቸው ሁለተኛ ግብር ስለሚያዋጡ፣ ያንን ለመሰብሰብ ነው። ዴቪድ ይህን ሲሰማ የፖለቲካው ነገር ባይዋጥለትም የድኾቹ ታማኝነት ልቡን ይነካዋል።

መርከቡ በዐለት ላይ ከተሰበረ በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ዴቪድ ኤረይድ በምትባል ደሴት ላይ ጥሬ የባሕር ቀንድ አውጣ እየበላ ይሠቃያል፤ በአራተኛው ቀን ግን ዓሣ አጥማጆች እየሣቁ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር መሻገር እንደሚቻል ይነግሩታል። ብዙ አንባቢዎች በዚህ በዴቪድ ቂልነት ይሥቃሉ። ከባሕር ርቀን ያደግን እኛ ግን እንኳን አራት ቀን ሳምንትም በቈየን ነበር እያልን አልሣቅንበትም። ስቲቨንሰን ይህን ስፍራ በዓይኑ አይቶታል። ቤተ ሰቡ የመብራት ግንብ ሠሪ መሐንዲሶች ስለ ነበሩ፣ በ1870 በአቅራቢያው ግንብ ሲሠራ በዚያች ደሴት ሰንብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዴቪድ አፒን ይደርሳል። በመንገድ ላይ ኮሊን ካምቤልን አስቁሞ ሲጠይቀው ከጫካ ጥይት ይተኰሳል፤ ካምቤልም ይሞታል። አለን በዚያው ጫካ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ብቅ ይላል። ዴቪድ ገዳዩ እርሱ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ አለን ግን በጩቤው ላይ ምሎ እጄ የለበትም ይላል። ገዳዩን ታውቀው እንደ ሆነ ሲባል ደግሞ መርሳት እንደሚያውቅበት ይመልሳል። ከዚህም በላይ ወታደሮቹ እውነተኛውን ገዳይ እንዳያገኙ ሆን ብሎ ራሱንና ዴቪድን እንዳሳያቸው ይናገራል። ዴቪድም የአለን ሕግ የተገለበጠ ቢሆንም ለዚያ ለተገለበጠው ሕግ ሕይወቱን ለመስጠት የቈረጠ መሆኑን አይቶ እጁን ይዘረጋለታል። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ፍሬ ከዚህ ላይ ነው። ወዳጆቹ አንዱ የሌላውን አሳብ ተቀብለው የተስማሙ አይደሉም፤ ሳይስማሙ ተያያዙ እንጂ።

ሆኖም ትልቁ ፈተና የመጣው ከወታደር ሳይሆን ከካርታ ጨዋታ ነው። ሁለቱ ስደተኞች ክሉኒ ማክፈርሰን በሚባል የተደበቀ ባላባት ዋሻ ባረፉ ጊዜ ዴቪድ በንዳድ ተይዞ ይተኛል። አለን ልጁ በትኩሳት ሲቃዥ ገንዘቡን ተበድሮ ሁሉንም ይበላበታል። ክሉኒ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ዴቪድ ግን የተቀበለው እንደ ምጽዋት ነውና በኀፍረት ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ በዝናብና በረግረግ መካከል ለቀናት ሳይነጋገሩ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አለን ይቅርታ ሊጠይቅ ይሞክራል፤ ዴቪድ በቀዝቃዛ ጨዋነት ይመልሰዋል። በኋላ አለን በሹፈት መውጋት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ዴቪድ አለንን ሰድቦ ጐራዴ ይመዛል። አለን ግን ጐራዴውን መዝዞ መልሶ ይጥለዋል፤ በዚህ ልጅ ላይ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ዴቪድ ደግሞ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቃል ስላጣ፣ መታመሙን ይናገርና እርዳኝ ይላል። ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ምዕራፍ ላይረዳው ይችላል። ለእኛ ግን በመርከቡ ላይ ከተደረገው ውጊያ ሁሉ ይህ ዝምታ ይበልጣል።

ክሉኒ ማክፈርሰንም የፈጠራ ሰው አይደለም። በውነት በቤን አልደር ተራራ «ጐጆው» በሚባል ስውር ስፍራ እየኖረ እስከ 1755 ድረስ ከመንግሥት ተሸሽጓል። አለን ብሬክ ራሱም የታወቀ ሰው ነው። «ብሬክ» በጌሊክ ዝንጕርጕር ማለት ሲሆን፣ ፊቱን ፈንጣጣ ስለ ጐዳው የወጣለት ስም ነው። መጀመሪያ በንጉሥ ጆርጅ ጦር ተቀጥሮ፣ በፕሬስተንፓንስ ወደ ዐማፅያኑ የተሻገረ፣ በኋላም የፈረንሳይ ወታደር የሆነ ሰው ነው። ያሳደገው ጄምስ ስቱዋርት ነው፤ ይህም የተሰደደው የአርድሺል ባላባት በእናት የማይገናኘው ዲቃላ ወንድሙ ነበር። በአገሩም «የሸለቆው ጄምስ» ይባላል።

መዝገቡ እንደሚለው ኮሊን ካምቤል የተገደለው በግንቦት 14 ቀን 1752 በሌተርሞር ጫካ ነው። በማግስቱ ከአርድሺል ርስት ጭሰኞችን ሊያስለቅቅ ነበር። አለን ሸሸ፤ የተያዘው ጄምስ ነው። በፎርት ዊልያም እስር ቤት ለብዙ ጊዜ ከጠበቆች ጋር ሳይገናኝ ቈየ። በመስከረም በኢንቨራሪ ሲፈረድበት የተቀመጠው ዋና ዳኛ የካምቤሎች አለቃ የሆነው የአርጋይል መስፍን ነበር፤ ከ15ቱም የፍርድ ሸንጎ አባሎች 11ዱ ካምቤሎች ነበሩ። የተከሰሰው በገዳይነት ሳይሆን ከገዳዩ ጋር ተባባሪ ሆነሃል ተብሎ ነው፤ ዋናው ገዳይ ነው የተባለው አለን ግን ችሎት ፊት አልቀረበም። ዋናው ወንጀለኛ ሳይያዝና ሳይሟገት ተባባሪው መሰቀሉ የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችንን ሳያነጋግራቸው አይቀርም።

ስቲቨንሰን ይህን መዝገብ በጥንቃቄ እንዳነበበው ብዙ ምልክት አለ። ለምሳሌ አለን በተደበቀበት ስፍራ መልእክት ሊጽፍ ፈልጎ የርግብ ላባ ቀርጾ ብዕር አደረገ፤ ባሩድ በጥብጦም ቀለም ሠራ የሚለው ልቦለድ ይመስላል። ነገር ግን ጆን ብሬክ ማኮል የተባለ እረኛ በችሎት ቀርቦ የመሰከረው ቃል ነው። ደራሲው እረኛውን እንኳ በስሙ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። በአንጻሩ ግን ግድያውን ከ1752 ወደ 1751 አዛውሮታል፤ ይህንንም በመጽሐፉ መግቢያ ራሱ አምኖ ጽፏል። ለሰነድ የሚጨነቅ ሰው ይህ ያስቈጣዋል። እኛን ግን የዓመቱ መዛወር ብዙም አላስቈጣንም፤ ስሕተቱን ራሱ የተናገረ ደራሲ ከብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይሻላልና።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በመጽሐፉ ኮሊን ካምቤል «ቀዩ ቀበሮ» ተብሎ እንደ ጨካኝ ሹም ብቻ ይታያል፤ ጄምስ ደግሞ በአንዲት ሌሊት የሚንቀጠቀጥ ሰው ሆኖ ይቀርባል። በዚያች ሌሊት ቤተ ሰቡ በችቦ ብርሃን መሣሪያ ይቀብራል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች። ጄምስ አለንንም ዴቪድንም የሚያስፈልግ ማስታወቂያ ራሴ ማውጣት አለብኝ ብሎ ይለምናቸዋል፤ እነርሱም እሺ ብለው ይሄዳሉ። የእውነቱ ነገር ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ኮሊን ካምቤል በእናቱ የካሜሮን ጎሣ ልጅ ነበር፤ ካሜሮኖችም ከዐማፅያኑ ዋናዎቹ ናቸው። አለቆቹም ለዐማፅያን ይራራል ብለው ይጠረጥሩት ነበር። በሹመቱም መጀመሪያ ዓመታት ግብሩን የሚሰበስብለት ማን ነበር? ይኸው የሸለቆው ጄምስ ነው። ጄምስ ግብሩን ለካምቤል ያስገባል፤ ትርፉ በፈረንሳይ ላሉት ለወንድሙ ቤተ ሰቦች ይተላለፋል፤ ካምቤልም አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ይህን አካሄድ ያፈረሰው ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። በ1751 ጄምስ ከያዘው እርሻ ተነቀለ። በሚቀጥለው ዓመት ጭሰኞቹ ይነቀላሉ በተባለ ጊዜም ጄምስ ያነሣው ጠመንጃ አይደለም። ወደ ኤዲንብራ ሄዶ በሕግ አቤት አለ፤ ለጊዜውም ማገጃ አገኘ፤ በኋላ ግን ማገጃው ተነሣበት።

እንግዲህ በአፒን ያልተጠበቀ መቀራረብ የነበረ እንደ ሆነ፣ እርሱ በእነዚህ በሁለቱ በሚሞቱት ሰዎች መካከል የነበረው ነው። ፍቅር ነበር ለማለት አይደለም፤ ተቻችለው ይሠሩ ነበር ለማለት ነው። የዴቪድና የአለን ወዳጅነት ግን፣ ብንወደውም፣ ከ1751 ይልቅ የ1886 ሰው ምኞት ይመስለናል። በስቲቨንሰን ዘመን ደገኛው የሚያስፈራ አልነበረም፤ የልብሱ ክልከላ በ1782 ተሽሯል፤ በ1822ም ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ራሱ የደጋውን ልብስ ለብሶ በኤዲንብራ ታይቷል። ቈለኛው ደራሲ ደገኛውን በሰላም ሊወደው የቻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ አስተያየታችን ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አናጣውም፤ አለን ራሱ ሁለቱንም ጦር ያገለገለ ሰው ከሆነ፣ በወገኖቹ መካከል ያለው ወሰን ያን ያህል የጠበቀ አልነበረም ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ወሰኑ ለሕያዋን ላልቶ፣ በችሎት ጊዜ የጠበቀ ይመስላል።

ስቲቨንሰንም በጄምስ ላይ ያጐደለውን የተሰማው ይመስላል። በ1893 ባሳተመው ተከታይ መጽሐፍ በ«ካትሪዮና» ውስጥ ዴቪድ ያየውን ለመመስከር ወደ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ፕሬስተንግሬንጅ በእግሩ ይሄዳል። ምስክርነቱን ግን የሚፈልገው የለም። ይልቁንም ይዘውት ባስ ሮክ በምትባል የባሕር ዐለት ላይ ችሎቱ እስኪፈጸም ያኖሩታል። መዝገቡ ስለ ዴቪድ ባልፎር ዝም ያለው ዴቪድ ያልነበረ ሰው ስለ ሆነ ነው፤ ልቦለዱ ግን ለዚህ ዝምታ የራሱን ምክንያት አገኘለት። ለልጆች የጀመረው ደራሲ በዚህ ሁለተኛው መጽሐፍ ያመጣው ነገር በጭራሽ የልጆች አይደለም።

ጄምስ ስቱዋርት በኅዳር 8 ቀን 1752 በባላኩሊሽ ጀልባ መሻገሪያ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ ተሰቀለ። ዕለቱ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ነበር። በመስቀያው ሥር ሆኖ ከወንጀሉ ንጹሕ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አነበበ፤ ከዚያም የሐሰት ምስክሮች ተነሡብኝ የሚለውን መዝሙር ደገመ። ሬሳው በሰንሰለት ታስሮ በወታደሮች እየተጠበቀ ለብዙ ወራት በዚያው ተንጠለጠለ። ያ መዝሙር በእነርሱ አቈጣጠር 35ኛው፣ በእኛ መዝሙረ ዳዊት 34ኛው ሲሆን፣ በደጋው ጌሊክ ቋንቋ «የሸለቆው ጄምስ መዝሙር» ይባላል።